ፓምፑ ሳይመረመር አይፈረድበት

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ምሳሌው ለሸንጎ ሰዎች የተነገረ ቢመስልም ዛሬ ለምናነሣው ጉዳይ እጅግ የሚስማማ ነው። ጉዳያችን በቤቱ ውስጥ ትልቅ የዓሣ ገንዳ ለመሥራት የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ችግር፣ ይኸውም አልሠራ የሚል የውኃ ፓምፕ ነው። ፓምፕ ባልሠራ ጊዜ አብዛኛው ሰው ወዲያው «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም ወደ መርካቶ ሮጦ ሌላ ይገዛል። አዲሱም አሮጌው በነበረበት ስፍራ ስለሚተከል፣ በአሮጌው ላይ የደረሰው ሁሉ በአዲሱም ላይ ይደርሳል። እንዲህም ሆኖ ዋናው ጥፋተኛ ሳይያዝ በሁለት ንጹሓን ላይ ተፈረደ ማለት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በላፍቶ የሚኖር አንድ ሰው በሳሎኑ ግድግዳ ሥር ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ገንዳ አሠርቶ ውኃውን እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሞላው እንበል። ሒሳቡን ብናደርገው ገንዳው 720 ሊትር ይይዛል። የአንድ ሊትር ውኃ ክብደት አንድ ኪሎ ስለ ሆነ ውኃው ብቻውን 720 ኪሎ ይመዝናል፤ መስተዋቱ፣ ጠጠሩና የብረት መቆሚያው ሲጨመርበት ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ስፍራው ጠንካራ ወለል መሆን እንዳለበት ሳይናገሩት የታወቀ ነው። ከገንዳው በታች፣ በመቆሚያው ውስጥ፣ ሌላ አነስ ያለ ገንዳ ይደረጋል። ከላይኛው ገንዳ የሚተርፈው ውኃ በቧንቧ ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ በዚያም በስፖንጅና በጠጠር ተጣርቶ በፓምፕ ኃይል ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ዙረት ሌሊትም ቀንም መቋረጥ የለበትም።

ስለ ምን መቋረጥ የለበትም? ለሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ስለ ሆነ ውኃው እየተናወጠ ከአየር ጋር ካልተገናኘ ይታፈናል። ሁለተኛው፣ ከዓሣው የሚወጣው እድፍ አሞንያ የሚባለውን መርዝ ያመነጫል፤ ይህንም መርዝ የሚያጠፉልን በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ናቸው። እነርሱም በአዲስ ገንዳ ውስጥ ለመራባት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስድባቸዋል፤ ኦክሲጅን የተሸከመ ውኃ ካላለፈባቸው ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ይጀምራሉ።

በዚህ ላይ የአገራችን ደጋነት ይጨመራል። ላፍቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ዳርቻ ቢሆን በአንድ ሊትር 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል፤ በላፍቶ ግን ከ6.2 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። እንግዲህ በውጭ አገር መጽሐፍ «ፓምፑ ይህን ያህል ሰዓት ቢቆም ግድ የለም» ተብሎ ቢጻፍ፣ ያ ምክር ለእኛ ተቀንሶ የሚነበብ ነው። የእኛ ዓሣ ከመጀመሪያውም በትንሽ ስንቅ ነው የሚያድረው።

አልሠራ ያለ ፓምፕን አለቸኩሎ መመርመር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታሪክም ይመሰክራል። በ17ኛው መቶ ዓመት በጣሊያን አገር የውኃ ጉድጓድ ሠራተኞች ፓምፓቸው ውኃን ከ10 ሜትር በላይ ስቦ ማውጣት እንዳልቻለ አይተው ነበር። ታላቁ ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ነገር አንሥቶታል። ከእርሱ በኋላ ቶሪቼሊ የተባለው ሊቅ ከ1643 እስከ 1644 ባሉት ዓመታት በሜርኩሪ መርምሮ ጥፋቱ የፓምፑ እንዳልሆነ አስረዳ። ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ክብደት ነው፤ የአየሩ ክብደት ደግሞ ከ10 ሜትር ውኃ በላይ መሸከም አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1648 የፓስካል የእህቱ ባል የሜርኩሪውን ቱቦ ይዞ ፒዊ ደ ዶም የተባለውን የፈረንሳይ ተራራ ቢወጣ፣ ከፍ ባለ መጠን ሜርኩሪው ዝቅ ሲል አየ። ይህን ሁሉ ዕውቀት ዓለም ያገኘው «ፓምፑ ተበላሽቷል» ብለው ካልተዉት ሰዎች ነው።

እንግዲህ እኛም እንደ ዳኛ ተቀምጠን ተከሳሹን ፓምፕ እንመርምር። በተከሳሹ ላይ ከመፍረዳችን በፊት የምንጠይቃቸው ሦስት ምስክሮች አሉ፤ እነርሱም መብራቱ፣ ቧንቧውና ውኃው ናቸው።

አንደኛው ምስክር መብራቱ ነው። ፓምፑ ፈጽሞ ድምፅ ከሌለው በመጀመሪያ የራስጌ መብራት ወይም ስልክ ቻርጀር በዚያው ሶኬት ላይ ሰክተው ይመልከቱ። ሶኬቱ ሞቶ፣ ብሬከሩ ወድቆ፣ ወይም የማከፋፈያው ገመድ ላልቶ ሳለ ፓምፑን የሚፈታ ሰው ብዙ ነው። ፓምፑ እያጉረመረመ አልዞር የሚለው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ያስተውሉ። በሠፈራችን የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጣድበት ጊዜ አለ። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በአንድ መስመር ላይ ብዙ ቤት በአንድነት በጣደ ጊዜ 220 መሆን የነበረበት ቮልት ወደ 180 ቢወርድ አያስደንቅም። የሞተር ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ ጋር ተካክሎ ሳይሆን ከዚያ ፈጥኖ ይወርዳል። በተለመደው ሞተር 220 ወደ 180 ሲወርድ የመነሻው ጉልበት አንድ ሦስተኛውን ያህል ያጣል። ስለዚህ ሲዞር የቆየው ፓምፕ መዞሩን ቢቀጥልም፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን መነሣት ያቅተዋል። እንዲህ ሲሆን ፈውሱ አዲስ ፓምፕ ሳይሆን በቴስተር ቮልቱን ለክቶ፣ የወረደ እንደ ሆነ ስታብላይዘር ማስገባት ነው።

እዚህ ላይ ከባሕር ማዶ ስለሚመጡ ፓምፖች አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በሻንጣቸው ፓምፕ ሲያመጡልን ስጦታው የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ ነው። የእኛው 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ሰው ትራንስፎርመር ገዝቶ ቮልቱን ያስተካክልና ጨረስኩ ይላል። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። በገንዳ ውስጥ የሚሰጥመው ትንሽ ፓምፕ ፍጥነቱ በምልልሱ ስለሚወሰን፣ በዚያ በደቂቃ 3,600 ጊዜ የሚዞረው እዚህ 3,000 ጊዜ ብቻ ይዞራል። በዚህም የተነሣ የሚሰጠው ውኃ ከስድስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ውኃውን የሚያወጣበት ከፍታም ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ያጥራል፤ ሽቦውም ከልኩ በላይ ይሞቃል። ይህ ፓምፕ «ደካማ» ተብሎ ይታማል፤ እርሱ ግን ያለ አገሩ ከመሥራቱ በቀር ያጠፋው ነገር የለም።

ሁለተኛው ምስክር ቧንቧው ነው። ይህ ምስክር ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያውቅ ሲሆን ከሁሉ ይልቅ የማይጠየቅም ነው። በፓምፑ ካርቶን ላይ «በሰዓት 3,500 ሊትር፣ ከፍታ 3 ሜትር» ተብሎ ተጽፎ ቢያገኙ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው የሚሠሩ አይምሰልዎ። 3,500 ሊትር የሚሰጠው ምንም ሳያወጣ፣ ባለበት ሲያፈስ ነው። 3 ሜትር ላይ በደረሰ ጊዜ ደግሞ የሚሰጠው ውኃ ባዶ ነው። በመካከሉ፣ በ1 ሜትር ተኩል ላይ፣ የሚሰጠው ከግማሽ ብዙም የማይርቅ ነው። ስለዚህ የላፍቶው ሰው ከታችኛው ገንዳ እስከ ላይኛው ጫፍ 1 ሜትር ተኩል ካለው፣ ፓምፑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሚያገኘው 1,800 ሊትር አካባቢ ነው። ለ720 ሊትር ገንዳ በሰዓት አራት ጊዜ ያህል መዞር ይገባዋል ቢባል ወደ 2,900 ሊትር ያስፈልገዋልና፣ ጥፋቱ የምርጫው እንጂ የፓምፑ አይደለም።

ከፍታ ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ጥንትም የታወቀ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት፣ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲያመጣ ያሠራው የተራራውን ቁልቁለት ነው። ቁልቁለት ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ሠራተኛ ነው፤ ዳገት ግን እያንዳንዱን ሳንቲ ሜትር ያስከፍላል።

ከከፍታው ሌላ ጥበትና ጥምዝ አለ። የቧንቧው የውስጥ ስፋት ከ25 ሚሊ ሜትር ወደ 20 ቢጠብ፣ ያንኑ ያህል ውኃ ለማሳለፍ የሚጠፋው ጉልበት ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ዘጠና ዲግሪ የሚጠመዘዘው እያንዳንዱ ክርንም የራሱን ግብር ይቀበላል። ስለዚህ ቧንቧው ከፓምፑ አፍ የሰፋ እንጂ የጠበበ አይሁን፤ ክርኑም ከሁለት ባይበልጥ መልካም ነው። በቧንቧ ሥራ ጊዜ የተረሳ የቴፍሎን ቁራጭ፣ የሲሊኮን ጓል ወይም የመጋዝ ብናኝ በመካከል ተሰንቅሮ እንደ ሆነም ይመልከቱ።

ቧንቧው እውነቱን የሚናገርበት ፈተና ቀላል ነው። ቢጫውን የ20 ሊትር ጀሪካን ያምጡ። የፓምፑን መመለሻ ቧንቧ፣ ከገንዳው ጫፍ ሳያወርዱ፣ ወደ ጀሪካኑ አስገብተው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይቁጠሩ። ከዚያም 72,000ን ለተቆጠረው ሰከንድ ያካፍሉ፤ መልሱ በሰዓት የሚፈሰው ሊትር ነው። በ24 ሰከንድ ከሞላ 3,000 ሊትር፣ በ48 ሰከንድ ከሞላ 1,500 ሊትር ማለት ነው። ቀጥሎ ፓምፑን ከቧንቧው ሁሉ ነቅለው በውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ብቻውን ያስነሡት። ብቻውን ሲሆን በኃይል የሚተፋ፣ ከቧንቧው ጋር ሲሆን የሚያንጠባጥብ ከሆነ ምስክርነቱ ተሰማ፤ ፓምፑ ነጻ ነው። ብቻውንም ሆኖ የሚልፈሰፈስ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ እርሱ ይመለሳል።

ሦስተኛው ምስክር ውኃው ነው። ፓምፑ እየዞረ ውኃ ካልሰጠ፣ ወይም ውኃው ነጭ አረፋ ሞልቶበት ድምፁ እንደሚፈላ ድስት ከሆነ፣ አየር ገብቶበታል። ባዶ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ ውኃ በላዩ ሲሞላበት በሆዱ አየር ይታፈናል፤ ኢምፔለር የሚባለው ባለ ክንፍ መዘውሩም አየሩን ያማስላል እንጂ ውኃ አይገፋም። ፓምፑን ነቅለው በውኃው ውስጥ እንደ ሰጠመ ወዲያና ወዲህ ቢያዘነብሉት አየሩ ቡልቅ ብሎ ይወጣል፤ በሽታውም በዚያው ይድናል። አየሩ በየቀኑ የሚመለስ ከሆነ የታችኛውን ገንዳ ልክ ይመልከቱ። የላይኛው ገንዳ ሁልጊዜ እንደ ሞላ ስለሚኖር፣ በትነት የሚጎድለው ውኃ የሚታወቀው በታችኛው ብቻ ነው። በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ በሆነ ጊዜ ለጥቂት ቀን ካልተሞላ፣ ውኃው ከፓምፑ አፍ ጋር ይተካከልና አዙሪት ሠርቶ አየር ያስገባል።

ውኃው የሚያመጣው ሌላም ነገር አለ። የከተማችን ውኃ ከፊሉ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ፣ ከፊሉ ከአቃቂ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓድ የሚመጣ ነው። የጉድጓድ ውኃ ከግድብ ውኃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል፤ በማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በፓምፑም ሆድ ውስጥ ይጋገራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ደግሞ ቧንቧው ደርቆ ቆይቶ ሲለቀቅ የመጀመሪያው ውኃ ዝገትና ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይወርዳል። ይህን ውኃ ወደ ገንዳ አያስገቡ፤ ለጓሮ አትክልት ይሁን። በሮቶ ውስጥ አድሮ ከጠለለ በኋላ፣ ክሎሪኑም በማጥፊያ መድኃኒት ከተወገደ በኋላ ብቻ ወደ ዓሣው ይሂድ። ክሎሪን ለእኛ ከበሽታ ጠባቂ ቢሆንም ለዓሣ ስንጥብ መርዝ ነው።

ሦስቱ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ጥርጣሬው በፓምፑ ላይ ከጸና፣ አሁን እርሱን ራሱን መክፈት ይገባል። ከሁሉ በፊት ከሶኬቱ ይንቀሉት፤ በማጥፊያ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የፊት ክዳኑን አውልቀው ኢምፔለሩን በጣት ይዘው ይሳቡት፤ ከኋላው ማግኔት ስላለ እየታገለ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እዚህ ይገኛል፤ የዓሣ ቅርፊት፣ ጠጠር፣ የተጠመጠመ አረንጓዴ ሽበት ወይም ተሸጉጣ የቀረች ትንሽ ቀንድ አውጣ ትሆናለች። ነጩ ግግር ካለ በአቼቶ ወይም በሎሚ ጭማቂ አንድ ሰዓት ያህል ነክረው፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጥበው፣ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። ሳሙና ፈጽሞ አያስጠጉት።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ምልክቶች አሉ። ኢምፔለሩን መልሰው በጣት ሲያዞሩት በተስተካከለ መንገድ አይዞርም፤ ግማሽ ዙር ሄዶ እየዘለለ ይቆማል። ይህ የማግኔቱ ጠባይ ነው እንጂ መንከስ አይደለም። እንደዚሁም ክንፉ በማግኔቱ ላይ ጥቂት ላልቶ ወዲያና ወዲህ የሚል ዓይነት አለ፤ ይህ በሚነሣበት ጊዜ እንዲቀለው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እውነተኛው ስብራት ያለው በመካከል ባለው ቀጭን ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ ብዙውን ጊዜ ከሸክላ መሰል ነገር የተሠራ ስለ ሆነ ፓምፑ ሲወድቅ ይሰበራል። ሲሰበርም ፓምፑ ይንኳኳል፣ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ የጎማ ቡሾች ጠፍተው ወይም ተበልተው እንደ ሆነም እንዲሁ ይጮኻል። እነዚህ ሁሉ ዕቃቸው ከተገኘ የሚድኑ ናቸው። የማይድንም አለ። የፓምፑ ገላ ተሰንጥቆ ውኃ ወደ ሽቦው ከገባ፣ ወይም ገመዱ ከገላው በሚወጣበት ስፍራ ከተቆረጠ፣ ያ ፓምፕ ተፈርዶበታል። ቀጥሎ ማሠር፣ በፕላስተር መጠቅለል፣ በማጣበቂያ መድፈን ለሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ስለ ወጪ ብሎ የቤቱን ውኃ ወደ ሮቶ የሚያወጣውን ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ለዓሣ ገንዳ ለማድረግ የሚያስብ ሰውም አይጠፋም። ይህ ፓምፕ 370 ዋት ያህል ስለሚወስድ ሌሊትና ቀን ሲሠራ በቀን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ 60 ዋት የሆነው ሰጣሚ ፓምፕ ግን ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል አያልፍም። ብዙዎቹም ኢምፔለራቸው ከናስ የተሠራ ነው፤ በናስ ውስጥ ያለው መዳብ ለዓሣ ጎጂ ነው። ለሮቶው ሥራ ግን ባለበት ይቆይና የእርሱንም ሕመም እንወቅ። ለጥቂት ሳምንት ሳይሠራ ቆይቶ ሲያበሩት የሚያጉረመርም ከሆነ ውስጡ በዝገት ተያይዟል፤ ከመብራት ነቅለው በኋላው፣ በማራገቢያው በኩል፣ ዘንጉን በካቻቢቴ ቢያዞሩት ይላቀቃል። ዘንጉ በእጅ እየዞረ ሞተሩ በራሱ ካልተነሣ የመነሻው ካፓሲተር ደክሟል፤ ዋጋውም ከሙሉ ሞተር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ካፓሲተር ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ስለሚቆይ መለወጡን ለባለሙያ ይተዉት። እየዞረ ውኃ የማይስብ ከሆነ ደግሞ ወይ በሆዱ ውኃ አልተሞላም፣ ወይ በመሳቢያው ጫፍ ያለው ቼክ ቫልቭ ይመልሳል፣ ወይ አንዱ መገጣጠሚያ አየር ያስገባል።

ከመሬት በታች ካለ ማጠራቀሚያ የሚስብ ከሆነም የቶሪቼሊን ነገር ያስታውሱ። በባሕር ዳርቻ የአየሩ ክብደት ውኃን እስከ 10.3 ሜትር ይገፋል፤ በላፍቶ ግን ከ7.9 ሜትር አያልፍም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ 8 ሜትር ይስባል የተባለ ፓምፕ እዚህ 5 ሜትር ተኩል ቢስብ ነው። እርሱም አልተበላሸም፤ የደጋው አየር ነው የከዳው።

አሁን መብራት ሲጠፋ ስለሚሆነው እንነጋገር፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው ፓምፑ በተበላሸበት ሰዓት ሳይሆን በቆመበትና በተነሣበት ደቂቃ ነውና። ፓምፑ ሲቆም የመመለሻው ቧንቧ ጫፍ በላይኛው ገንዳ ውኃ ውስጥ የጠለቀ ከሆነ ውኃው በዚያው ቧንቧ ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል። በምሳሌያችን ገንዳ ውስጥ የአንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 12 ሊትር ነው። ጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ እንደ ሆነ 60 ሊትር ውኃ ወደ ታችኛው ገንዳ ይጎርፋል፤ ስፍራ ካላገኘም ሳሎኑን ያጥለቀልቃል። መከላከያው ሁለት ነው። በመመለሻው ቧንቧ ላይ ከውኃው ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳለታል፤ ውኃው ከቀዳዳው በታች ሲወርድ አየር ገብቶ ጉርፉን ይቆርጣል። ሁለተኛም ታችኛው ገንዳ ምንጊዜም ለሚወርደው ውኃ የሚበቃ ባዶ ስፍራ ይተውለታል። ይህም በወሬ ሳይሆን ፓምፑን ሆን ብሎ ነቅሎ በማየት ይረጋገጣል።

መብራት ጠፍቶ በቆየበት ሰዓት ዓሣውን አይመግቡ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ካለ ያብሩለት፤ ከሌለም በየጊዜው በጣሳ ከገንዳው ቀድተው ከፍ አድርገው መልሰው ያንቆርቁሩበት፤ የሚንቆረቆረው ውኃ አየር ይዞ ይገባል። የሐይቆቻችን አምባዛ ከውኃው በላይ ብቅ ብሎ አየር መተንፈስ ስለሚችል ይታገሣል፤ ብዙዎቹ ሌሎች ዓሦች ግን ይህ ጸጋ የላቸውም። በውኃው ፊት ተሰብስበው አፋቸውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ከሆነ ርኃብ ሳይሆን መታፈን ነው። መብራቱ ሲመጣም ቮልቱ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። ዝግ በሆነ የማጣሪያ ቆርቆሮ ውስጥ ብዙ ሰዓት ታስሮ የቆየ ውኃ ካለ ወደ ዓሣው አይላኩት፤ ደፍተው፣ አለቅልቀው ይጀምሩ።

ስለ ሰውም ሕይወት አንድ ቃል እንጨምር። ውኃና መብራት በአንድ ስፍራ ሲያድሩ ጠንቃቃ ጎረቤት ያስፈልጋቸዋል። የገንዳው መስመር ከመሬት ጋር የተያያዘ ሽቦ ይኑረው፤ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የመከላከያ ብሬከርም ይደረግለት። የፓምፑ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ በገመዱ ላይ የሚወርደው ጠብታ ከዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። እጅ ወደ ውኃው በሚገባበት ጊዜ ሁሉ ሁሉም ነገር ይነቀል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ሕግ በገንዳው ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ ነውር የለበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምክር ግን ገንዳው ሳይሞት ሙከራውን ማድረግ ነው። ፓምፑ ከዓሣው በፊት ይግባ። አንድ ሳምንት ያህል ያለ ዓሣ ይሥራ፤ በጀሪካን ይለካ፤ በየቀኑ ተነቅሎ ይመለስ፤ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓትም ይታይ። የተለካውም ቁጥር ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ 24 ሰከንድ የነበረው 30 ሰከንድ ቢሆን፣ ፓምፑ ከመቆሙ አስቀድሞ ማጽጃው ጊዜ እንደ ደረሰ ያስታውቃል። ገንዘብ ለፈቀደለትም ከአንድ ትልቅ ፓምፕ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ፓምፖች ይሻላሉ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው እስኪድን ድረስ ዓሣውን ያስተነፍሳል።

ፓምፕ ምላስ የለውም፤ ስለዚህ ለራሱ መከራከር አይችልም። መጮኹ፣ ማጉረምረሙ፣ መልፈስፈሱ የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ያንን ቋንቋ በትዕግሥት የሚሰማ ሰው ገንዘቡን ያድናል፤ የዓሣዎቹንም እስትንፋስ ይጠብቃል። ሳይሰማ የሚፈርድ ግን ከሱቅ ወደ ሱቅ እየተመላለሰ፣ ያንኑ የጠበበ ቧንቧ ይዞ ይኖራል።